ስለ መዝሙር 118 አሠራርና ስለ ቤቱ አመታት

በግእዙ ዳዊት በመዝሙር 118 መካከል አሌፍ፥ ቤት፥ ጋሜል ተብሎ የተጻፈው የዕብራይስጥ ፊደላት ስም ነው። ፊደላቱ 22 ናቸው፤ ለእያንዳንዱም 8 ቍጥር ተመድቦለታልና ድምሩ 176 ይሆናል። በዕብራይስጡ በአሌፍ ሥር ያሉት 8ቱ ሁሉ በአሌፍ ይጀምራሉ፤ የቀሩትም እስከ ታው ድረስ እንደዚሁ ናቸው።

የአገራችን ባለቅኔ ቤት የሚመታው በመድረሻው ፊደል ነው፤ ጉባኤ ቃናም በ2 ቤት ይፈጸማል። የዚህ መዝሙር ዘማሪ ግን ፊደሉን በመነሻው አኖረ፤ ሚዛኑንም በሐሳብ አቆመ፤ ይኸውም ፊተኛው ሐረግ የተናገረውን ኋለኛው ያጸናዋል ወይም ይፈጽመዋል ማለት ነው።

መዝሙሩ ወደ ጽርእ፥ ከጽርእም ወደ ግእዝ በተመለሰ ጊዜ የመነሻው ፊደል ጠፋ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስሙን ዘለህ አትለፍ፤ ዘማሪው የእግዚአብሔርን ሕግ ከፊደል መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው ማመስገኑን የሚመሰክርልህ ምልክት እርሱ ነውና።