ጠገራ ብርና የቁጠባ ሚዛን

ኡም ጋርጉር በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ አካባቢ የምትገኝ፣ ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የኖሩባት የሰፈራ መንደር ናት። ድንበር አቋርጦ የሚሰደድ ቤተ ሰብ ቤቱንና መሬቱን ይዞ ሊሄድ አይችልም። የያዘው የወረቀት ገንዘብም ከአገሩ ሲወጣ ተቀባይ ሊያጣ ይችላል። በገባበት አገርም ቢሆን ገንዘብ ይለወጣል፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናርን አውጥታ ነበር፤ በ2007 ደግሞ ዲናሩን በአዲስ ፓውንድ ተካችው። ስለዚህ ከባንክ ርቆ የሚኖር ሰው ጥሪቱን ወደ ወርቅና ወደ ብር መለወጥ ቢመርጥ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የሚገዛውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ከታወቁት የብር ገንዘቦች ዋነኛው ጠገራ ብር የሚባለው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። በአንደኛው ገጹ የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ገንዘቡ ያው ዓመት እንደ ተጻፈበት መመታቱ ቀጠለ። በመሆኑም 1780 የሚለው ቍጥር የገንዘቡን ዕድሜ አያስረዳም። ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚመላለሱ ነጋዴዎች ለረጅም ዘመን ተገበያይተውበታል። ኢትዮጵያ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ካወጣች በኋላ ግን ጠገራ ከገበያ እየወጣ ሄደ። ሆኖም በውስጡ ያለው ማዕድን ዋጋ ስላለው አንዳንዱ በሣጥን ተቀመጠ፤ አንዳንዱም ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ።

የአንድ ጠገራ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ፣ በውስጡ 23.4 ግራም ያህል ብር ይገኛል። ይህም የዓለም ገበያ ብርን ከሚመዝንበት ከአንድ አውንስ፣ ማለት ከ31.1 ግራም፣ ሦስት አራተኛው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 20 ዶላር ቢሆን፣ በጠገራው ውስጥ ያለው ብር 15 ዶላር ያወጣል። አንዲት እናት ለልጅዋ ትምህርት ብላ ጠገራውን በ25 ዶላር ብትገዛ፣ 10 ዶላር የከፈለችው ለገንዘቡ መልክና ስም ነው። በችግር ቀን አንጥረኛው በሚዛን ብቻ ቢገዛት ያን 10 ዶላር ታጣለች።

ሐሰተኛ ገንዘብም አለ። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ክብደቱን ይመዝናል፤ በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብለው የተቀረጹትን የላቲን ፊደላት ይመረምራል። መግነጢስ የሚስበው ከሆነ ብር አይደለም።

ከዚህም ሌላ የማዕድን ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዓለም ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 1980 እስከ 850 ዶላር ደርሶ የነበረው አንድ አውንስ ወርቅ፣ በ1999 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር። በዋጋው መናር ጓጉቶ የገዛ ሰው ወለድ የማያፈራ ሀብት ይዞ ብዙ ዓመታት ጠብቋል ማለት ነው።

እንግዲህ ወርቅና ብር ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ ፈጥነው የሚያበለጽጉ አይደሉም። አስተዋይ ቆጣቢ በሚዛን ይገዛል፤ የዕለት ጉርሱን የሚገዛበትን ገንዘብ አይነካም፤ ያለውንም ሁሉ በአንድ ሣጥን አያኖርም።