የምሥጢር ቁጥርና የስልክ አታላይ

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ወር ይከበራል። ለበዓሉ የሚታረደውን ኮርማ ለመግዛት ጎረቤታሞች ገንዘባቸውን ከወራት በፊት ጀምረው ማጠራቀም ልማዳቸው ነው። ቀድሞ ይህን የመሰለው ገንዘብ በሣጥን ይቆለፍ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በእጅ ስልክ የሚቀመጠው በዝቷል፤ የሣጥኑም ቁልፍ የምሥጢር ቁጥር ሆኗል።

የዘመኑ ሌባ ሣጥን አይሰብርም፤ ደውሎ ቁልፉን ይለምናል እንጂ። አንዱ፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ያ ቁጥር ሂሳቡን በሌባው ስልክ ላይ የሚያስከፍት ነው። ሌላው ሐሰተኛ የገንዘብ መልእክት ልኮ፣ «በስሕተት ነውና ይመልሱልኝ» እያለ ይማጸናል። የዋሁ ሰው ግን የሚመልሰው የራሱን ገንዘብ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። እውነተኛ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ የማንንም የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ፣ ለቴሌብር ወይም ለንግድ ባንክ (951) ራስ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል። ገንዘብ ገባ ሲባልም መልእክቱን ማመን ሳይሆን ቀሪ ሂሳብን መመልከት ነው። የተታለለ ሰው ሳያፍር፣ ውሎ ሳያድር ሂሳቡን ያሳግድ፤ ለፖሊስም ያመልክት። ሆኖም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጥንቃቄው ይቅደም።

የሶዶ ተማሪና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ለራሱ ብቻ አውቆ ዝም ሊል አይገባውም። መልእክት ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ስልካቸውን የሚሰጡት ላገኙት ሰው ነውና፣ የተማረ ልጅ አስቀድሞ ቢያስረዳቸው የጊፋታው ኮርማ ከሌባ ይድናል።