ተጨማሪ መረጃ፦ ድመት ሶፋ የምትቧጭረው ለምንድን ነው?

ድመት ሶፋ ስትቧጭር ብዙ ሰው ተንኮል ወይም እልህ ይመስለዋል፤ ማስረጃው ግን ሌላ ያሳያል። ስትቧጭር ያረጀው የጥፍሯ ውጫዊ ሽፋን ይላቀቃል፣ የጀርባዋና የትከሻዋ ጡንቻዎች ይፍታታሉ፤ በመዳፏ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው ጠረንም ከጭረቱ ጋር ተዳምሮ ለሌሎች ድመቶች የክልል ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ቁጣ ጠባዩን አያጠፋውም፤ የሚያዋጣው የምትቧጭርበትን ቦታ መቀየር ነው። በቃጫ ገመድ የተጠቀለለ፣ የማይነቃነቅና ድመቷ እስክትንጠራራ የሚበቃ ቁመት ያለው ምሰሶ ከሶፋው አጠገብ ሲቆም፣ ብዙ ድመቶች ሶፋውን ትተው ወደ እሱ ያዘነብላሉ። «ጥፍሯን ማስወገድ አይቀልም?» የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው ከጥፍሩ ጋር የጣቱን የመጨረሻ አጥንት ስለሚቆርጥ ለዘላቂ ሕመም ሊዳርጋት ይችላል። በዚህም የተነሳ የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ግዛት፣ ለሕክምና ካልሆነ በቀር፣ ድርጊቱን እ.ኤ.አ. በ2019 በሕግ ከልክላለች።