ከምጽዋት ወደ ማኅበር

በበዓልና በገበያ ቀን በየደጀ ሰላሙ የሚቀመጡ አካል ጉዳተኞችን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ዓይነ ስውር ነው። ሌላዋ እግሯ አይታዘዝላትም። «ስለ ማርያም!» ይላሉ። አላፊ አግዳሚውም ሳንቲም ጣል አድርጎ ይሄዳል። ሰጪው ጽድቅ ያስባል፤ ተቀባዩ ለዚያች ዕለት ይቀምሳል። ነገስ? ነገም እዚያው ደጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላ ዓይነት ገንዘብ ይናገራል። አካል ጉዳተኞች ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙና ራሳቸው ሲመሩት፣ ለማኅበሩ ሥራ የሚሰጥ ገንዘብ አለ። የገንዘብ ድጋፍ ይባላል። ምንድን ነው? ማን ይሰጣል? እንዴትስ ይገኛል? አንድ በአንድ እንመልከት።

ድጋፍ ምንድን ነው?

ምጽዋት ለአንድ ሰው ለዕለት ጉርሱ ይሰጣል። ሰጪው ተመልሶ «ምን አደረግህበት?» ብሎ አይጠይቅም። ብድር ግን ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜም ከነወለዱ። የገንዘብ ድጋፍ ከሁለቱም ይለያል። እንደ ብድር አይመለስም። እንደ ምጽዋትም ዝም ተብሎ አይበላም። ለተባለለት ሥራ ብቻ ይውላል፤ ሥራው ሲያልቅም ሒሳቡ ይቀርባል። ስለዚህ ድጋፍ የሚቀበል ማኅበር ለማኝ አይደለም። ውል ገብቶ የሚሠራ ነው።

ለምን ራሳቸው ይመሩታል?

«ሙሉ አካል ያለው ሰው ቢመራላቸው አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የአምቢኮን አገር እናስብ። ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ አለ። ከዚያ ደግሞ አቀበቱን ወደ ቧሂት መውጣት አለ። መንገዱ ድንጋይና ገደል ነው። እንበልና አንድ ሩቅ ያለ ደግ ሰው ለዚያ አካባቢ አሥር ባለ መንኮራኩር ወንበር ላከ። ልቡ መልካም ነው። ግን መንኮራኩሩ የት ላይ ይሽከረከራል? ወንበሩ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ይሰፍርበታል። እግሯ የማይታዘዝላትን ሴት አስቀድሞ የጠየቃት ቢኖር ኖሮ፣ «ለመንገዱ በቅሎ፣ ለቤቴ ጥሩ ምርኩዝ ይበቃኛል» ትለው ነበር። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ!

ይህ ሐሳብ በዓለም ሕግም ተጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. አወጣ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃ ተቀበለችው። ስምምነቱ አካል ጉዳተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት አላቸው ይላል። መንግሥታትም ስለ እነሱ ሲወስኑ በማኅበሮቻቸው በኩል እንዲያማክሯቸው ያዛል።

በአገራችን የነበረው

በአገራችን የዚህ ዓይነት ማኅበር አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው በ1952 ዓ.ም. ነው። መስማት የተሳናቸውም በ1963 ዓ.ም. የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ልዩ ልዩ ማኅበራት ተባብረው ፌዴሬሽን መሠረቱ። በ1990ዎቹ አጋማሽም አካል ጉዳተኛ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ለምን ቢሉ፣ ሴቲቱ በአካል ጉዳቷም በሴትነቷም ድርብ ሸክም ስላለባት ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ለእኛ አገር ምን ይጠቅማል? በአማራ ክልል ትራኮማ የብዙ ሰው ዓይን አጥፍቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ደርሶ ነበር። ጦርነት ደግሞ የገደለውን ገድሎ ሌላውን አቁስሎ ይሄዳል። ከገደል የወደቀም አለ፤ በበሽታ የሰነፈም አለ። ዛሬ በሁለት እግሩ የሚያርስ ሰው ነገን አያውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ማን ይሰጣል?

አንደኛው ሰጪ መንግሥት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ደንግጓል።

ሁለተኛው ከውጭ አገር የሚመጣው ነው። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ መሠረት፣ ከ100 ብር ገቢው ውስጥ ከ10 ብር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር ስለ አካል ጉዳተኞች መብት መሥራት አይችልም ነበር። ምርኩዝ ማደል ይፈቀድለታል፤ ስለ መብት መናገር ግን ይከለከላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ሕግ ሻረው። በውጭው ዓለምም አካል ጉዳተኞች ለሚመሯቸው ማኅበራት ብቻ ገንዘብ የሚሰጡ ፈንዶች አሉ። በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ሥራ የጀመረው የአካል ጉዳተኞች መብት ፈንድ አንዱ ነው። በዚህ ፈንድ ውስጥ ገንዘቡ ለማን ይሰጥ ብለው ከሚወስኑት መካከል አካል ጉዳተኞች ራሳቸው አሉበት።

ሦስተኛው ሰጪ አባላቱ ናቸው። 25 አባላት በወር 10 ብር ቢያዋጡ በወር 250 ብር፣ በዓመት 3,000 ብር ይሆናል። ትንሽ ነው አትበሉ። ድጋፍ እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። መዋጮ ግን እንደ ምንጭ ነው፤ ቀጭን ቢሆንም በበጋ አይደርቅም።

ለምን ገጠር አይደርስም?

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከተማ ላይ ይቀራል። ሰጪው ወረቀት ይፈልጋል፤ በገጠር ያለው ቡድን ደግሞ ወረቀት የለውም። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

1. መተዳደሪያ ደንብ፦ አባል ማን ነው? መሪ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይወርዳል? ይህ ሁሉ ይጻፍ።

2. ምዝገባ፦ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ሕግ መሠረት ይመዘገባል። ለመጀመሪያ ምክር የወረዳውን ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው።

3. የባንክ ሒሳብ፦ በማኅበሩ ስም ይከፈት። አንድ ሰው ብቻውን እንዳያወጣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው በጋራ ይፈርም።

4. የሥራ ሐሳብ፦ እኛ ማን ነን? ችግራችን ምንድን ነው? ምን ልንሠራ ነው? ስንት ብር ይፈጃል? መሠራቱ በምን ይታወቃል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በግልጽ የመለሰ ወረቀት ጥሩ ማመልከቻ ነው።

5. ቃለ ጉባኤና የሒሳብ መዝገብ፦ በስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ይጻፍ። የገባው ብር በአንድ ወገን፣ የወጣው በሌላ ወገን ይስፈር። ደረሰኙም ይቀመጥ።

የ2011ዱ አዋጅ ከ100 ብር ውስጥ ለአስተዳደር ከ20 ብር በላይ እንዳይወጣ ደንግጓል። እንግዲህ 60,000 ብር ቢገኝ፣ ለአስተዳደር የሚወጣው ከ12,000 ብር መብለጥ የለበትም። የቀረው 48,000 ብር ለሥራው ይውላል። ገንዘብ ሲመጣ ሐሜትም አብሮ ይመጣል። ሐሜትን የሚያጠፋው መዝገብን በሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ያን ጊዜ ዓይነ ስውሩም አባል ይሰማል፤ ይጠይቃል፤ ይቆጣጠራል። መስማት የተሳነው አባል ካለም ምልክት የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

የእናንተ ድርሻ

ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ለዚህ ሥራ ትፈለጋላችሁ። በጎረቤታችሁ ያለ አካል ጉዳተኛ መጻፍ ባይችል ቃለ ጉባኤውን ጻፉለት፤ ደብዳቤውን አንብቡለት። መማር ከፈለገም ፊደሉን አስቆጥሩት። ነገር ግን ጸሐፊ መሆን አለቃ መሆን አይደለም። ዓይነ ስውሩን ሊቀ መንበር በስም አስቀምጦ፣ ብሩን ሌላ ሰው የሚያዝበት ማኅበር የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሊባል አይገባውም። እናንተ ጻፉ፤ እነሱ ይወስኑ።

በቤቱ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያለው ሰውም «እርግማን ነው» ብሎ አይደብቀው። የተደበቀ ሰው አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ማኅበር አይገባም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር ከቤት ሲወጣ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ምጽዋት፣ ብድርና የገንዘብ ድጋፍ በምን ይለያያሉ?
2. በቀበሌያችሁ ስንት አካል ጉዳተኞች አሉ? ቤት ውስጥ የተደበቁትንም ቆጥራችኋል?
3. 40 አባላት በወር 5 ብር ቢያዋጡ በዓመት ስንት ብር ይሆናል?
4. የማኅበር የሒሳብ መዝገብ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ መነበብ ያለበት ለምንድን ነው?