ቆሻሻን ከ40 በላይ በሆኑ ዓይነቶች የምትለየው የገጠር ከተማ

በጃፓን አገር በሺኮኩ ደሴት ተራሮች መካከል የምትገኘው ካሚካትሱ ከ1,500 ያነሱ ነዋሪዎች ያሏት የገጠር ከተማ ስትሆን፣ ከነዋሪዎቿም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ነው። ሕዝቡ ቀድሞ ቆሻሻውን ሜዳ ላይ ያቃጥል ነበር። በኋላ የተሠሩት ሁለት ማቃጠያዎችም ከጭስ ጋር ስለሚወጣው ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ጥብቅ ሕግ በመውጣቱ ተዘጉ፤ አዲስ ማሠራት ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ አቅም በላይ ነበር።

በመሆኑም ከተማዋ እስከ 2020 ድረስ ቆሻሻን ማቃጠልና መቅበር ጨርሶ ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2003 ወሰነች። ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና የለም። የወጥ ቤት ትራፊ በየጓሮው ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ለማዘጋጃው ዕቃ መግዣ ማዘጋጃ ቤቱ ድጎማ ሰጥቷል። የቀረውን እያንዳንዱ ቤተሰብ አጥቦና አድርቆ ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያው በመውሰድ ከ40 በላይ በሆኑ ዓይነቶች ይለየዋል። ጠርሙስ በየቀለሙ፣ ክዳኑም ለብቻው ነው። መሸከም ለማይችሉ አረጋውያን ግን ከየቤታቸው ይነሳላቸዋል።

በየሣጥኑ ላይ ዕቃው ወዴት እንደሚላክ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስገባ ወይም እንደሚያስወጣ ተጽፏል። ይህች ጽሑፍ ከብዙ ስብሰባ ሳትሻል አትቀርም፤ መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነዋሪዎች ነበሩና።

ዛሬ ከቆሻሻው 80 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። ቀኑ ሲደርስ ግን መቶ በመቶ አልሞላም። እንደ ዳይፐርና ጫማ ያሉት ከተለያየ ነገር ተደባልቀው የሚሠሩ ዕቃዎች ሊለዩ አልቻሉም፤ ፋብሪካዎቹን ደግሞ የአንዲት ትንሽ ከተማ ውሳኔ አያዛቸውም። ከተማዋም በ2020 መጨረሻ ውሳኔዋን እስከ 2030 አድሳለች።