አሥር ሩፒ የተከፈለበት አቤቱታ

በህንድ ማድያ ፕራዴሽ ክልል፣ ዳር በተባለችው አውራጃ፣ አንድ አርሶ አደር የመሬት ይዞታ መዝገቡን ቅጂ ለማግኘት የሥራ ቀኑን ትቶ ወደ መንግሥት ቢሮ መሄድ ነበረበት። መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ ካልተገኘ “ነገ ና” ተብሎ ይመለሳል። ነገሩ ለእኛም አርሶ አደር እንግዳ አይደለም።

የአውራጃው አስተዳደር ይህን ምልልስ ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በጥር 2000 “ግያንዱት” የተሰኘ አሠራር ጀመረ። በተመረጡ መንደሮች ኮምፒዩተር፣ ማተሚያና የስልክ መስመር ያላቸው የመረጃ ማዕከላት ተከፈቱ፤ አንዱ ማዕከል በዙሪያው ያሉ በርካታ መንደሮችን እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ማዕከሉን የሚያንቀሳቅሰው የአካባቢው የተማረ ወጣት ሲሆን ደመወዝ አይከፈለውም ነበር። ገቢው ከተገልጋዩ የሚሰበስበው ክፍያ ነበር። የገበያ ዋጋ ለማወቅ 5 ሩፒ፣ ለመሬት መዝገብ ቅጂ 15 ሩፒ፣ አቤቱታ ለማስገባት 10 ሩፒ ተተመነ።

አርሶ አደሩ መክፈሉን አልጠላውም። በአንድ መንደር ነጋዴዎች ለአንድ ኩንታል ድንች 300 ሩፒ ሲሰጡ፣ ገበሬዎቹ በማዕከሉ ጠይቀው ራቅ ባለ ገበያ 400 ሩፒ መሆኑን እንዳወቁና ምርታቸውን ወደዚያ እንደላኩ ይነገራል። 5 ሩፒ ከፍሎ በኩንታል 100 ሩፒ ማትረፍ ማንንም አያስከፋም። አሠራሩ በዚያው ዓመት የስቶክሆልም ቻሌንጅ ሽልማትን አገኘ።

ሆኖም ማዕከላቱ የተጠበቀውን ያህል ተገልጋይ አላገኙም። መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይቋረጣል። ዋናው ችግር ግን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ነበር። ጥያቄው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቢሮ ይደርሳል፤ መዝገቡ ግን እንደ ቀድሞው በወረቀት፣ በመንደሩ የመሬት ሹም እጅ ነው። ሥራውን የጀመሩት ኃላፊዎች ሲዛወሩ ክትትሉም ላላ። 10 ሩፒ ከፍሎ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ወቀሳውም የሚያርፈው በቢሮው ሳይሆን ገንዘቡን በተቀበለው ወጣት ላይ ነው። ተገልጋይ ሲቀንስ እንጀራው አብሮ ይቀንሳል።

የካርናታካ ክልል በሌላ በኩል ጀመረ። “ቡሚ” በተባለው ሥራ በቅድሚያ የ6.7 ሚሊዮን ገበሬዎች ንብረት የሆኑ 20 ሚሊዮን ያህል የመሬት መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር ገቡ። የአገልግሎት መስኮቱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በእጅ የተጻፈ ቅጂ ሕጋዊነቱ ቀረ። ቀደም ሲል ያለ ጉቦ የማይገኘው ወረቀት በቆሙበት ታትሞ መሰጠት ጀመረ። ክፍያው በጊዜው እዚያም 15 ሩፒ ነበር። በዳር ብዙዎች ተስፋ የቆረጡበት ተመን በካርናታካ ሰልፍ አስያዘ።

በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር የስልክ መስመር ለደዋዩ ነፃ በመሆኑ ይህ ፈተና አልገጠመውም። የመሬት ይዞታ መረጃን ወደ ኮምፒዩተር የማስገባት ሥራ ግን በበርካታ ወረዳዎች እየተከናወነ ነው፤ ነገ በቀበሌ ደረጃ በክፍያ ቅጂ ልስጥ የሚል ወጣት ቢመጣ ወረዳው ቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የክፍያው መጠን አይደለም። ጥያቄው በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍና በስንት ቀን እንደሚመለስ ነው።

የካርናታካውም እንከን አላጣም። መስኮቱ የተከፈተው በወረዳ ከተማ በመሆኑ፣ የሩቅ መንደር አርሶ አደር ለ15 ሩፒዋ ወረቀት ያኔም ከእርሻው ተነስቶ መንገድ መውጣት ነበረበት፤ ዳር ላይ ግን ማዕከሉ እደጁ ነበር።