ከ«ሠራ» እስከ «ፈበረከ»

«ሜክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ የደሴ ተማሪ «ሠራ» ብሎ ይይዘዋል። ፍቺው ትክክል ነው፤ ሩቅ ግን አያስኬድም። የቤት ሥራም ወንበርም በአማርኛ «ይሠራሉ»፤ እንግሊዝኛው ግን ለወንበሩ «ሜክ»ን፣ ለቤት ሥራው «ዱ»ን ይመርጣል። «ሜድ ማይ ሆምወርክ» የሚለው የተለመደ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ሠራ» ሰፊ ግስ ነው። ቤት ይሠራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ፀጉር ይሠራል። መኪና አልሠራ ይላል፣ መድኃኒት ይሠራል፣ ሰው ባንክ ይሠራል። «ተሠራሁ» ያለ ደግሞ ተታሏል፤ «ነገር ሠሪ»ን ማንም አይወድም። ሌላውን ማሠራት ሲመጣ አማርኛ ተጨማሪ ቃል አይፈልግም። እንግሊዝኛው «ሜክ»ን አስቀድሞ የሚለውን እኛ «አሳቀኝ»፣ «አስለቀሰኝ» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን።

ሙያ ያለበት ነገር ሲሆን ግን «ሠራ» ቦታውን ይለቃል። ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል፣ ጥጥ ይፈተላል፣ ጋቢ ይሸመናል፣ ቆዳ ይለፋል። ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት ወሎ «ቡና ሠራሁላችሁ» የሚል እንግዳ ቢመጣ አቦሉን አይከለከልም፤ ፈገግታ ግን አያመልጠውም።

ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ እነዚሁ የጓዳ ግሶች ፋብሪካ ገብተው ይገኛሉ። የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ ቢራ የሚያወጣው በጠላው ግስ፣ «በመጥመቅ» ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅም ክር ሲያዘጋጅ የእናቶችን «መፍተል» ወስዷል። ቆዳ ፋብሪካውም ያለፋል እንጂ አይፍቅም፤ ፋቂ የሚለው ስም የንቀት ታሪክ ስላለበት መቅረቱ መልካም ነው። ፋብሪካ ራሱ እንደ ዛፍ «ይተከላል»፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን «ተገነባ» ነው የተባለው።

የዘመኑ የኢንዱስትሪ ዋና ግስ «አመረተ» የመጣው ከአውድማ ነው። ምርት ማለት ከገለባና ከግርድ የተለየ ንጹሕ እህል ነበር፤ ዛሬ ሸሚዝም ቆርቆሮም ምርት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ፋብሪካዎች ሲዘረፉ ከከተሞቹ የተሰማው «ማምረት አቆመ» ነበር፤ ኋላም «ወደ ማምረት ተመለሰ» ተባለ። በዚያው ዓመት የተጀመረው አገራዊ ንቅናቄም «ኢትዮጵያ ታምርት» ተብሏል። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ»ም በእኛ አፍ «የኢትዮጵያ ምርት» ነው።

«ፈበረከ» ከጣልያንኛው ፋብሪካ የወጣ ግስ ነው። ዕድሉ ግን አላማረለትም፤ ዛሬ ከዕቃ ይልቅ «የተፈበረከ ወሬ» ሲባል ነው የሚሰማው። ለእቃ «አመረተ» ስላለን ጉዳቱ አይታየኝም።

የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ «ሜክ = ሠራ» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አትለፉ። ግሱን ከነባልደረቦቹ አስተምሩ፤ ከአልጋ ጋር ሲሆን «ማንጠፍ»፣ ከውሳኔ ጋር «መወሰን»፣ ከስሕተት ጋር «መሳሳት» መሆኑን ተማሪው ገና ከመነሻው ይወቀው።